የነርሶች ተራና የበሽተኞች ድልድል

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምንሠራ ሰዎች ለብዙ ዘመን የለመድነው የሥራ ሰዓት አለን። ጧት በ2፡30 ገብተን በ6፡30 ለምሳ እንወጣለን፤ ከቀትር በኋላ በ7፡30 ተመልሰን በ11፡30 መዝገባችንን ዘግተን ወደየቤታችን እንሄዳለን። ያልተፈጸመው ጉዳይ በፋይሉ ውስጥ ያድራል፤ በማግሥቱም ከተውንበት ስፍራ እንቀጥላለን። ሐኪም ቤት ግን እንዲህ ያለ መዝጊያ ሰዓት የለውም። የታመመ ሰው በ11፡30 መታመሙን አያቆምም፤ ይልቁንም ሕመሙም ፍርሃቱም የሚበረታበት ሲመሽ ነው። ስለዚህ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ሌሊትና ቀን፣ በዓልና ሰንበት ሳይለይ፣ የሚጠብቀው ዐዋቂ ሰው መገኘት አለበት። ያ ሰው ነርስ ነው።

በዛሬው ንግግራችን ልናብራራው ያሰብነው ጉዳይ የነርሶች የሥራ ተራ እንዴት እንደሚወጣ፣ በሽተኞችም ለነርሶች እንዴት እንደሚደለደሉ ነው። ነገሩ ለውጭ ሰው ተራ የጽሕፈት ሥራ ሊመስለው ይችላል። በእርግጥም በወረቀትና በማስመሪያ የሚሠራ ነው። ዳሩ ግን በዚያ ወረቀት ላይ የሚሰመረው መሥመር፣ መድኃኒቱ በሰዓቱ መሰጠት አለመሰጠቱን፣ የደከመውን በሽተኛ የሚያየውም ዐይን የነቃ ወይም እንቅልፍ የተጫነው መሆኑን ስለሚወስን፣ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የእናቴ ታላቅ እኅት ታመው በአንድ ሐኪም ቤት ተኝተው ሳለ፣ ለማስታመም አብሬያቸው አድር ነበር። አንድ ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ የተሰቀለላቸው ግሉኮስ አለቀ። ነርስ ፍለጋ ብወጣ በክፍሉ በሌላው ጫፍ ኦክስጅን የተደረገለትን በሽተኛ ደግፋ ቆማ አገኘኋት። «ሲስተር፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሰው አጣን እኮ!» ብዬ በቁጣ ተናገርኋት። እርስዋም «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አሁን እመጣለሁ» አለችኝ፤ መጣችም። የመድኃኒቱን ጠርሙስ አንሥታ ጽሑፉን አነበበች፤ መልሳ አነበበች፤ ሦስተኛም ወደ መብራቱ አስጠግታ አነበበች። እኔ በልቤ «ይህች ልጅ ሥራዋን አታውቅም» አልሁ። አክስቴ ግን ፊትዋን አይተው «ልጄ፣ መቼ ነው የምታርፊው?» ሲሉ ጠየቋት። «እማማ፣ ማረፊያዬ ትናንት ነበር። ተተኪዋ ስለቀረች ዛሬም ግቢ ተባልሁ፤ ይኸው አራተኛ ሌሊቴ ነው» ስትል መለሰች። በዚያ ሌሊት ለሁለት ነርሶች 31 በሽተኞች ተሰጥተዋቸው እንደ ነበር የተረዳሁት በኋላ ነው። ጽሑፉን ሦስት ጊዜ ያነበበችውም ከእንቅልፍ ጋር እየታገለች እንዳትሳሳት ስለ ፈራች ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስለ ነርሶች ተራ ስሰማ ያ ጠርሙስ ይታየኛል።

እንግዲህ ጉዳዩን በሁለት ከፍለን እንመልከተው። አንደኛው የጊዜ ክፍፍል ነው፤ ማን መቼ ይሠራል? መቼስ ያርፋል? ሁለተኛው የሸክም ክፍፍል ነው፤ ተረኞቹ ከገቡ በኋላ የትኛው በሽተኛ ለየትኛዋ ነርስ ይሰጣል?

ስለ ጊዜ ክፍፍል ለመረዳት አስቀድሞ ትንሽ ሒሳብ ማስላት ያስፈልጋል። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት አለው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ የሠራተኛው መደበኛ የሥራ ጊዜ በሳምንት ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። በዚህ ልክ ብናስበው፣ በአንድ አልጋ ክፍል ውስጥ አንዲት ነርስ ብቻ ሌሊትና ቀን እንዳትጠፋ ለማድረግ ከ4 በላይ ሰዎች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። ቢሮ ውስጥ ለአንድ ወንበር አንድ ሰው እንደሚቀጠር አድርጎ የሚያስብ የበጀት ሹም በዚህ ላይ ይሳሳታል።

አሁን ደግሞ 30 አልጋ ያለውን አንድ ክፍል በምሳሌ እንውሰድ። ጧት 5 ነርሶች፣ ከቀትር በኋላ 4፣ ሌሊት 3 ነርሶች እንዲገኙበት ተፈለገ እንበል፤ እያንዳንዱም ተራ 8 ሰዓት ነው። ይህ በቀን 96 ሰዓት፣ በሳምንት 672 ሰዓት ይሆናል። ለ39 ሲካፈል ከ17 ነርሶች በላይ ይጠይቃል። ነገር ግን ሰው የዓመት ፈቃድ ይወጣል፣ ይታመማል፣ ትወልዳለች፣ ለትምህርት ይላካል። በነዚህ ምክንያቶች ከስድስት ሰዎች አንዱ ይጎድላል ብንል፣ ክፍሉ የሚያስፈልገው ቁጥር 21 ይደርሳል። ይህም ተረኛ ለተረኛ በሽተኛውን የሚያስረክብበት ጊዜ ሳይቆጠር ነው። እንግዲህ በክፍሉ ያሉት 14 ነርሶች ብቻ ቢሆኑ፣ በመደበኛ ሰዓታቸው በአማካይ 455 ሰዓት ያህል ብቻ ይሰጣሉ፤ በየሳምንቱ 217 ሰዓት ይጎድላል። ለ14ቱ ቢከፋፈል ለእያንዳንዳቸው 15 ሰዓት ተኩል ትርፍ ሥራ ነው።

ይህን ሒሳብ ያመጣነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የሰው ቁጥር በጣም ባነሰበት ክፍል ማንኛውም የተራ ሠሌዳ፣ የቱንም ያህል በብልሃት ቢሠራ፣ ድካምን ሊያጠፋ እንደማይችል ለማሳየት ነው። ሁለተኛ፣ ጉድለቱ መኖሩ ካልቀረ፣ በማን ላይ እንደሚወድቅ የሚወስነው የተራው አወጣጥ መሆኑን ለማስረዳት ነው። ጉድለቱ በሁሉም ላይ በእኩልነት ሊከፋፈል ይችላል፤ ወይም ለአለቃ ቀርቦ መናገር በማይችሉት፣ አዲስ በተቀጠሩትና «እሺ» ማለት በለመዱት ጥቂቶች ላይ ሊከመር ይችላል። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚሉት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

የሌሊት ሥራ ከቀን ሥራ ጋር ሰዓት በሰዓት እኩል እንዳልሆነም ማወቅ ያስፈልጋል። የሰው አካል በራሱ ውስጥ ጊዜን የሚቆጥርበት ሥርዓት አለው። የሰውነት ሙቀት ወደ ንጋት ገደማ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 እና 11 ሰዓት አካባቢ፣ ዝቅ ይላል፤ የሐሳብ ንቃትም አብሮ ይዳከማል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 በአውስትራሊያ የታተመ ጥናት፣ ሳይተኛ 17 ሰዓት የቆየ ሰው የእጁና የአእምሮው ቅልጥፍና በብዙ አገር መኪና መንዳት ከሚከለከልበት መጠን እንደ ጠጣ ሰው እንደሚሆን አሳይቷል። ነርሷ ወደ ሌሊት ተራዋ ከመግባትዋ በፊት ቀኑን ሙሉ ልጅ ስትጠብቅና ቤት ስታሰናዳ ውላ ከሆነ፣ 17ኛው ሰዓት የሚሞላው መድኃኒት በምታድልበት ጊዜ ነው። በ2004 በአሜሪካ በ393 የሆስፒታል ነርሶች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ፣ 12 ሰዓት ተኩልና ከዚያ በላይ በሚቆይ ተራ ላይ የስሕተት ዕድል በሦስት እጥፍ ያህል እንደሚጨምር አስረድቷል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋምም በ2007፣ ቀጥሎም በ2019፣ የሌሊት ሥራ ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ተብለው ከሚገመቱት ነገሮች ጋር መድቦታል።

ይህን ሁሉ ስንናገር ሌሊት መሥራት ይቅር ማለታችን አይደለም፤ ሊቀር አይችልምና። ነገር ግን ተራ አውጪው ሊጠብቃቸው የሚገባ ደንቦች አሉ ማለታችን ነው። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1977 ስለ ነርሶች ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ በሁለት ተራዎች መካከል ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ፣ የቀን ሥራም ትርፍ ሰዓቱ ተጨምሮ ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ነርሶችም የግልና የቤተ ሰብ ኑሯቸውን ለማሰናዳት እንዲችሉ ተራቸውን አስቀድመው እንዲያውቁ አሳስቧል። ከዚህም ጋር፣ የተራው መለዋወጥ ከጧት ወደ ከቀትር በኋላ፣ ከዚያም ወደ ሌሊት ወደ ፊት ሲሄድ ሰውነት በቀለለ መንገድ ይለምደዋል። ከሌሊት ወደ ከቀትር በኋላ፣ ከዚያ ወደ ጧት ወደ ኋላ ሲጎተት ግን ዕረፍቱ ያጥራል፤ ድካሙ ይብሳል። ማታ በ3 ሰዓት የወጣችን ነርስ በማግሥቱ ጧት በ1 ሰዓት ግቢ ማለት፣ በወረቀት ላይ ሁለት የተለያዩ ቀኖች ቢመስልም፣ የመንገዱ ጊዜ ሲቀነስ የቀረላት እንቅልፍ ከ6 ወይም ከ7 ሰዓት አይበልጥም። በማታ ታክሲ ፍለጋ በየጐዳናው የቆመ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ትክክለኛ የተራ ሠሌዳ በምን ይታወቃል? በመጀመሪያ፣ አስቀድሞ በመለጠፉ ይታወቃል። ከወሩ መግቢያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የተለጠፈ ሠሌዳ፣ ሠራተኛው ልጁን ለማን እንደሚተው፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መቼ እንደሚሄድ፣ ለቅሶና ሠርግ እንዴት እንደሚደርስ ለማሰብ ያስችለዋል። በስልክ ድንገት የሚጠራ ሰው ግን በእረፍቱም ቀን አያርፍም፤ ስልኩ እስኪጮህ ይጠብቃልና።

ሁለተኛ፣ በመቁጠሩ ይታወቃል። በላይኛው ምሳሌያችን በየሌሊቱ 3 ነርሶች የሚያድሩ ከሆነ በ30 ቀን ውስጥ 90 የሌሊት ተራዎች አሉ። ለሌሊት የሚመደቡት 18 ነርሶች ቢሆኑ ለእያንዳንዳቸው 5 ይደርሳቸዋል። አንዷ 9፣ ሌላዋ 1 ካደረች፣ ምክንያቱ በግልጽ መጻፍ አለበት። የበዓላትም ነገር እንዲሁ ነው። መስከረም 1ን፣ ገናን፣ ጥምቀትን፣ ፋሲካን፣ ኢድ አል ፈጥርንና አረፋን ማን ሠርቶ እንደ ዋለ የሚመዘገብበት አንድ ደብተር ቢኖር፣ ዓምና የሠራው ዘንድሮ ያርፋል። በአገራችን ደግሞ ለዚህ መልካም ዕድል አለን፤ ሙስሊሟ ነርስ የፋሲካን ሌሊት ለክርስቲያኗ ጓደኛዋ ብትይዝላት፣ ክርስቲያኗ በኢድ ቀን ትተካላታለች። ነገሩ በሁለቱ በጎ ፈቃድ ብቻ ከሚቀር በሠሌዳው ላይ ቢገባ ግን ይበልጥ ይጸናል። በጾም ወራትም በየትኛው ሰዓት ማን እንደሚዳከም አስቦ ተራ የሚያወጣ ኃላፊ ብልህ ነው።

ሦስተኛ፣ የሌሊት ሥራ ሸክም ብቻ እንዳልሆነ በማስተዋሉ ይታወቃል። ነርሶች በተለምዶ «ዲዩቲ» ለሚሉት የሌሊትና የትርፍ ሰዓት ሥራ ክፍያ በሚሰጥበት ቦታ፣ ሌሊቱ ድካም ቢሆንም ገቢም ነው። አንዳንዱ ሊሸሸው ሲፈልግ፣ ሌላው የቤት ኪራይ ስለ ከበደው ሊያበዛው ይሻል። ስለዚህ አድልዎ በሁለት በኩል ይገባል፤ አንዱን ያለ ፈቃዱ በማሠራት፣ ሌላውን ክፍያ ከሚገኝበት ተራ በማራቅ። ፈቃደኛ ሰው ተጨማሪ ሌሊት ይውሰድ ቢባል እንኳ ከልኩ በላይ እንዳይሄድ ወሰን ሊደረግለት ይገባል። ምክንያቱም የደከመው በፈቃዱ ይሁን በግድ፣ ስሕተቱ የሚያርፈው በበሽተኛው ላይ ነው።

አራተኛ፣ ለሰው ሁኔታ ቦታ በመስጠቱ ይታወቃል። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ሕፃን የምታጠባ፣ የታመመ ወላጅ የምታስታምም ነርስ ለጊዜው ከሌሊት ብትቀነስ ፍትሕ ነው፤ እኩልነት ማለት ሁሉን በአንድ ማስመሪያ መለካት አይደለምና። ይሁን እንጂ ይህ ቅናሽ በደንብ የተጻፈ፣ ለሁሉም የሚሠራ፣ የሚያበቃበትም ጊዜ የታወቀ መሆን አለበት። በጆሮ በመንሾካሾክ የተሰጠ ፈቃድ፣ ተገቢ ቢሆን እንኳ፣ በሌሎቹ ዘንድ አድልዎ ይባላል። በነርሶች መካከል የሚደረግ የተራ ልውውጥም በኃላፊዋ ተፈርሞ በሠሌዳው ላይ ሊገባ ይገባል፤ «እኔ እንጂ እርስዋ ነበረች» በሚባልበት ሰዓት የሚጎዳው ያልተያዘው በሽተኛ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ወደ በሽተኞች ድልድል እንሻገር።

ሥራን ለነርሶች የማከፋፈያ ሁለት ታላላቅ መንገዶች አሉ። አንደኛው በሥራው ዐይነት ማከፋፈል ነው፤ አንዷ የሁሉንም ትኩሳትና የደም ግፊት ትለካለች፣ ሁለተኛዋ ለሁሉም መርፌ ትወጋለች፣ ሦስተኛዋ የሁሉንም ቁስል ታጥባለች። ይህ መንገድ ሰው በሚያንስበት ቦታ ሥራውን ያፋጥናል። ጉድለቱ ግን በሽተኛው በብዙ እጆች መካከል ሲያልፍ አንዳቸውም ሙሉ ሁኔታውን አለማወቃቸው ነው። ለኪዋ ትኩሳቱ መጨመሩን ትጽፋለች፤ ቁስሉ መመርቀዙን የምታየው ሌላ ናት፤ ሁለቱን አገናኝታ «ይህ ሰው እየባሰበት ነው» የምትል ግን ትጠፋለች። ሁለተኛው መንገድ በሽተኞቹን ለነርሶች መደልደል ነው፤ ለእነዚህ ሰዎች እገሊት ኃላፊ ናት ተብሎ ይታወቃል። በ1969 በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተጀመረው አሠራር ይህንኑ አጠንክሮ፣ አንድ በሽተኛ ከገባበት እስከሚወጣበት ቀን ስለ አስተዳደጉ የምትጠየቅ አንዲት ነርስ እንድትኖረው አድርጓል። በሽተኛውም «የእኔ ነርስ» የሚላት ሰው ስትኖረው ፍርሃቱ ይቀልለታል።

በሽተኛ ሲደለደል የሚደረገው የተለመደ ስሕተት ራስ መቁጠር ነው። በአንድ ክፍል 18 በሽተኞችና 3 ነርሶች አሉ እንበል። ኃላፊዋ በአልጋ ቁጥር ተራ ለእያንዳንዳቸው 6፣ 6፣ 6 ትሰጣለች። ለተመልካች ከዚህ የበለጠ እኩልነት የለም። ነገር ግን በብዙ ሐኪም ቤት ጽኑ ሕመምተኞች ለነርሶቹ ጠረጴዛ ቅርብ በሆኑት አልጋዎች ላይ ስለሚተኙ፣ የመጀመሪያዎቹን 6 የተቀበለችው ነርስ ሌሎቹ ሁለቱ ከተሸከሙት የሚተካከል ሸክም ብቻዋን ልትወስድ ትችላለች።

ስለዚህ ራስ ከመቁጠር ይልቅ ክብደት መመዘን ይሻላል። አሠራሩም ቀላል ነው። ራሱን ችሎ የሚራመድና የሚታጠብ፣ መድኃኒት ብቻ የሚጠብቅ በሽተኛ 1 ነጥብ ይሰጠው። ጥቂት እርዳታና በየጊዜው መርፌ የሚያስፈልገው 2 ይሁን። ከአልጋ የማይነሣ፣ የመኝታ ቁስል እንዳይወጣበት በየጊዜው መገላበጥ፣ መመገብና መታጠብ ያለበት 3 ይባል። ትንፋሹና የልብ ምቱ ሳያቋርጥ መታየት ያለበት 4 ይሰጠው። በምሳሌያችን ክፍል 4 ነጥብ ያላቸው 2 ሰዎች፣ 3 ነጥብ ያላቸው 4፣ 2 ነጥብ ያላቸው 5፣ 1 ነጥብ ያላቸው 7 ቢሆኑ፣ ድምሩ 37 ነጥብ ነው። ለሦስት ሲከፈል 12፣ 12 እና 13 ይሆናል። በዚህ ሚዛን አንዲቱ ነርስ 4 በሽተኞች፣ ሁለተኛዋ 5፣ ሦስተኛዋ 9 ልትይዝ ትችላለች፤ ሆኖም ከሦስቱ አንዳቸውም አልተበደሉም። በአዳር ላይ አዲስ በሽተኛ ቢገባ ደግሞ፣ መቀበልና መመዝገብ ራሱ ከፍ ያለ ሥራ ስለሆነ፣ በዚያች ሰዓት ቀለል ያለ ሸክም ወዳላት ይሄዳል። ነጥቡም በየተራው መግቢያ እንደገና ይታያል፤ በሽተኛ እንደ ዕቃ በአንድ ሁኔታ የሚቆይ አይደለምና።

ነጥብ ግን የሰውን ማመዛዘን አይተካም። ኃላፊዋ ከነጥቡ ጋር ሦስት ነገሮችን ልታስብ ይገባታል። መጀመሪያ ችሎታን፤ ከትምህርት ቤት ገና የወጣች ነርስ 4 ነጥብ ካለው በሽተኛ ጋር ብቻዋን አትተው፤ ልምድ ካላት ጋር ተጣምራ ትማር። ይህም ሲባል ብርቱዋ ነርስ ብርቱ በመሆንዋ ምክንያት በየቀኑ ከባዱን ሁሉ ትሸከም ማለት አይደለም፤ እንዲህ የተደረገች ነርስ አንድ ቀን ሥራውን ትታ ትሄዳለች፤ ልምድዋም አብሯት ይሄዳል። ሁለተኛ ቀጣይነትን፤ ትናንት የያዘችው ነርስ ዛሬም ብትይዘው ትንሿን ለውጥ ታውቃለች። ሦስተኛ የልብ ድካምን፤ የሚሳደብ በሽተኛ፣ በሥቃይ የሚጮኽ ሰው፣ በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሕፃን በነጥብ አይለካም። እነዚህን ሳምንት ሙሉ የያዘች ነርስ፣ ቀጣይነቱ ቢጎዳ እንኳ፣ መለወጥ አለባት።

በአገራችን ሌላም የማይመዘገብ ሸክም አለ። በብዙ ሐኪም ቤት ምግብ ማጉረስ፣ ማገላበጥ፣ ወደ መጸዳጃ መደገፍ፣ አንዳንድ ጊዜም መድኃኒት ገዝቶ ማምጣት በቤተ ዘመድ ይፈጸማል። አስታማሚ ያለው በሽተኛ ለነርሷ ቀላል ይሆናል፤ ከሩቅ አገር መጥቶ ጠያቂ ያጣው በሽተኛ ግን 2 ነጥብ ቢሆን እንኳ እንደ 3 ሊቆጠር ይገባዋል። አለበለዚያ ወገን የሌለው ሰው በሐኪም ቤትም ወገን ሳያገኝ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ለነርሶች ምቾት ብቻ የታሰበ እንዳልሆነ የሚያስረዱ ጥናቶች አሉ። ሊንዳ ኤይከን የተባሉት የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከጓደኞቻቸው ጋር በ168 ሆስፒታሎች ላይ አድርገው በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንዲት ነርስ ላይ አንድ በሽተኛ በተጨመረ ቁጥር፣ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመሞቱ ዕድል በመቶ 7 ያህል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የነርሶቹም መታከት በመቶ 23 ጨምሮ ታይቷል። በ2014 በ9 የአውሮፓ አገሮች፣ በ300 ሆስፒታሎች የተደረገው ጥናትም በተመሳሳይ መጠን አረጋግጦታል። እንዲህ ያለው ጥናት ሁለት ነገሮች አብረው መሄዳቸውን ያሳያል እንጂ አንዱ ብቻ የሌላው ምክንያት መሆኑን በፍጹም አያስረግጥም፤ ቢሆንም ብዙ መንግሥታት አሳማኝ ሆኖ አግኝተውታል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር በ1999 ሕግ አውጥታ ከ2004 ጀምሮ በሥራ አውላለች፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለአንዲት ነርስ ከ2 በሽተኞች፣ በመደበኛው ክፍልም በመጀመሪያ ከ6፣ ከ2005 ጀምሮ ደግሞ ከ5 በሽተኞች እንዳይበልጥ ተወሰነ። በአውስትራሊያም የቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር ከ2000 ጀምሮ የሠራችበትን የነርስና የበሽተኛ ልክ በ2015 በሕግ አጽንታዋለች።

«ይህ ለሀብታም አገር ነው፤ እኛ ሰው ከየት እናመጣለን?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የነርስ ቁጥር በአንድ ቀን አይጨምርም፤ በጀትም ወሰን አለው። ነገር ግን ዛሬ ከዘረዘርናቸው ነገሮች ብዙዎቹ ገንዘብ አይጠይቁም። ሠሌዳን አስቀድሞ መለጠፍ፣ ሌሊቶችን መቁጠር፣ የበዓል ደብተር መያዝ፣ በሽተኛን በክብደት መደልደል፣ ከነርሶቹ የተመረጡ ሁለት ሦስት ሰዎች ሠሌዳውን ከመጽደቁ በፊት እንዲያዩት ማድረግ፣ ከአንድ ደብተርና ከአንድ እርሳስ በቀር ወጪ የላቸውም። ይልቁንም በትክክል የተያዘ መዝገብ የሰው ጉድለትን በማስረጃ ያሳያል። «ሰው አነሰን» የሚል ደብዳቤ በየሚኒስቴሩ ሞልቷል፤ «በዚህ ወር ከሚያስፈልገን ሰዓት ይህን ያህል ጎደለ፤ ጉድለቱንም እነ እገሌ በዚህን ያህል ትርፍ ሌሊት ሞሉት» የሚል ደብዳቤ ግን ለበጀት ሹም ለመመለስ ይከብደዋል።

የዘመናዊ ነርስነት መሥራች የሚባሉት ፍሎረንስ ናይቲንጌል፣ በ1860 በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ያቋቋሙት፣ ስለ አስተማመም በጻፉት ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ በብርቱ ያሳሰቡት አንድ ነገር አለ። ይኸውም ጥሩ አስታማሚ ራስዋ ስትኖር በሽተኛውን መንከባከብዋ አይበቃም፤ በሌለችበትም ሰዓት እንዳይጓደልበት አስቀድማ ማሰናዳት አለባት የሚል ነው። የተራ ሠሌዳ ትርጉሙ በሙሉ በዚህ ውስጥ አለ።

እንግዲህ ከእያንዳንዳችን የሚጠበቀው ምንድር ነው? የሐኪም ቤት አስተዳዳሪ የሆናችሁ፣ ሠሌዳውን ለክፍሉ ኃላፊ ብቻ ትታችሁ እንዳትሸሹ፤ ድንገት ለሚቀር ተረኛ ምትክ የሚሆን ሰው አስቀድሞ እንዲታወቅ አድርጉ። የክፍል ኃላፊ የሆናችሁ፣ ዝም የምትለዋን ነርስ እንደማይደክማት አትቁጠሯት። በገንዘብና በሰው ኃይል መምሪያ ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ፣ ከሐኪም ቤት የሚመጣላችሁን የሰው ጥያቄ ስታዩ 168ቱን ሰዓት አስቡ። ነርሶችም ተራቸውን ማክበር፣ መቅረት ግድ ሲሆንባቸው በጊዜ ማስታወቅ ይገባቸዋል፤ የአንዷ መቅረት የሌላዋ አራተኛ ሌሊት ነውና። በሽተኛ የምናስታምም ደግሞ ከመቆጣታችን በፊት «ሲስተር፣ ዛሬ ስንት ሰው ይዘሻል?» ብለን ብንጠይቅ አይጎዳንም።

አክስቴ ከዚያ ሕመም ድነው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ያቺ ነርስ ደክሟት ሳለ ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አንብባ ተጠንቅቃላቸዋለች። ነገር ግን የበሽተኛ ሕይወት የደከመ ሰው ሦስት ጊዜ ለማንበብ በሚያደርገው ትግል ላይ ብቻ መንጠልጠል የለበትም። ያን ተራ ያወጣው ሰው በዚያ ሌሊት በክፍሉ ውስጥ አልነበረም፤ እጁ ግን በጠርሙሱ ላይ ነበረ። እንግዲህ ያ እጅ የሚያስብና የሚያመዛዝን እጅ እንዲሆን እየተመኘን፣ የዛሬውን ንግግራችንን በዚህ እንፈጽማለን።